የሰኔ 30ው ኮት

«ኮቱን አወቅሁት።»

መልእክቱ በቃ ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ የሳቅ ምልክት የለው።

ነገሩ ባለፈው ሰኔ ነው። በ1987 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ኃይለማርያም ማሞ 12ኛ ክፍልን የጨረስን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። (ልጆች ስል 50 ልንደፍን ነው እንግዲህ።) አንዱ ተነሳና «ከተለያየን 30 ዓመት ሞላን እኮ፤ የዚያን ቀን ፎቶ ያለው ይልቀቅ» አለ። ሁሉም ሳጥኑን ይበረብር ጀመር። ጠርዙ የተበላ፣ ቡና የፈሰሰበት፣ ግማሹ የተቀደደ ፎቶ ሁሉ ወጣ። እኔም የኔን ለቀቅሁ። ብቻዬን ቆሜ፣ ኮት ለብሼ፣ አገጬን ቀና አድርጌ። የልብ ምልክት ዘነበልኝ። «አንተ ያኔም ኮት ነበረህ? ባለጸጋ!» ብላ አንዷ ሳቀችብኝ።

ማታ ላይ ደባሌ ብቅ አለ። ግሩፑ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ግን ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ውጪ ጽፎ አያውቅም። «ኮቱን አወቅሁት» ብሎ ጠፋ።

ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። ማለቴ፣ ተጋደምኩ።

አንድ ባና ለሁለት

ደባሌ የመንዝ ልጅ ነው። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ የሚገነጠለውን መንገድ ይዘህ፣ መዘዞን አልፈህ፣ ሞላሌን አልፈህ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር። እኔ የአንኮበር መንገድ ልጅ ነኝ፤ ግማሽ ቀን ከተራመድኩ ቤቴ እገባለሁ። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ሄጄ እሑድ ማታ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ የገብስ ቆሎ። እሱ አገሩ የሚገባው ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው። ስለዚህ የሱ ስንቅ ቶሎ ያልቃል፣ ከዚያ የኔን እንበላለን። እሱ በፋንታው ባናውን አመጣ።

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው የባናን ነገር አይጠይቀኝም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት በር ስትከፍት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል። የሱ ባና ጥቁር ነበር። ጠጉሩ ከራሳቸው በጎች ተሸልቶ፣ እናቱ የፈተሉት። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ በግ በግ ይሸታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ለብሰን ራስጌና ግርጌ ሆነን ተኛን። የሱ እግር እኔ ጆሮ ሥር፣ የኔ እግር እሱ ጆሮ ሥር። ማታ ማታ በዚያው አኳኋን ባዮሎጂ እንጠያየቃለን። የጉበትን ሥራ ሳስታውስ እስከ ዛሬ የሰው ተረከዝ ይታየኛል።

አጎቱ የሚሠራው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር። ይታያችሁ። ከተማዋ ለአገር ምድሩ ብርድ ልብስ ታመርታለች፣ የፋብሪካው ሠራተኛ የእህት ልጅ ባና ይጎትታል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። በአንዲት ክፍል ስድስት ልጅ እያሳደገ ሰባተኛ የት ያስተኛ? እኛም እዚያው ሠፈር 15 ብር የምንከራያት ጭቃ ቤት ነበረችን። ባለቤቷን እትዬ ነበር የምንላቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን መብራቱን ከውስጥ ቆጣሪው ላይ ያጠፉታል፣ ከዚያ በኋላ በኩራዝ ነው።

አጎትየው ግን ኮት ነበራቸው። ግራጫ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ። የመካከለኛው ቁልፍ ጠፍቶ ሚስታቸው በቡናማ ቁልፍ ተክተውታል። ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ከሚስማሩ አይወርድም።

«አንድ ናት የቀረችኝ»

ምረቃ ስል ጋዋን እንዳይመስላችሁ። አሁንማ የእህቴ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት የተመረቀችው ጋዋንና ቆብ አድርጋ ነው፤ ሊያውም በሊሞዚን ካልሄድኩ ብላ አልቅሳ። በኛ ጊዜ ማትሪክ ትፈተናለህ፣ ሰኔ 30 ካርድህን ትቀበላለህ፣ ያዋጣህበትን ዳቦና ለስላሳ ታወራርዳለህ፣ ዩኒት ሊደሩ ይመክሩሃል፣ አለቀ። ሰኔ 30 ደግሞ የታወቀች ቀን ናት። ዓመቱን ሙሉ የተቀያየመ ሁሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ» ተባብሎ የሚጠባበቅባት። ያልተከፈለ ቡጢ የሚወራረደው ያን ቀን ነው። እኔና እሱ ከማንም ጋር ጠብ አልነበረንም። እኛ የምንጠብቀው ፎቶ አንሺውን ነው።

ኮቱን ያመጣው እሱ ነው። ገና በጠዋት አጎቱ ዘንድ ሄዶ፣ ለምኖ፣ «ጭቃ እንዳይነካው» ተብሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ስምምነታችን ግልጽ ነበር። መጀመሪያ እሱ ለብሶ ይነሳል፣ ቀጥሎ እኔ። ለየራሳችን ሦስት ሦስት ብር አጠራቅመናል። እኔ ለእናቴ ልሰጥ ነው፣ እሱም ለእናቱ።

ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። የሰኔ ዝናብ እንደምታውቁት ነው፤ ድንገት ዶፍ ጥሎ፣ ሁሉን አበስብሶ፣ ምንም እንዳልተደረገ ፀሐይ ይወጣል። ወደ 11 ሰዓት ገደማ አባራ። ሜዳው ላይ ተሰለፍን። እሱ በሹራብ ነው፣ እኔ በሸሚዝ፤ ሸሚዜም ረጥቧል። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰማና «ተራችን እስኪደርስ ልበሰው» አለኝ። ራሱ ነው ያለበሰኝ። ኮሌታውን አስተካከለልኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ሙሽራ!» አለኝ።

ፎቶ አንሺው አንገቱ ላይ ያሺካ ያንጠለጠለ ወጣት ነበር። ከፊታችን ያሉት ሦስት ሴቶች ተቃቅፈው ተነሱ። ተራችን ደረሰ። እሱ ያን ሰዓት ከኋላዬ አምስት ስድስት ርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጫማውን በእርጥብ ሣር እየጠረገ ነው። ጫማው በፎቶው ላይ እንዲያምር።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ገልበጥ አድርጎ ቁጥሩን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ «አንድ ናት የቀረችኝ። ማነው የሚነሳው?» አለ።

ዞር ብዬ አየሁት። አሁንም ጎንበስ እንዳለ ነው። ግራ እግሩን ጨርሶ ወደ ቀኙ አልፏል።

«እኔ» አልኩ።

ያቺን ሰዓት 30 ዓመት ሙሉ ሳመላልሳት ኖሬያለሁ። ቸኩዬ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬያለሁ። አልቸኮልኩም። ሰው ቸኩሎ ዞር አይልም። እኔ ዞሬ አይቼ፣ አለመስማቱን አረጋግጬ ነው «እኔ» ያልኩት። ድምፄንም ዝቅ አድርጌ። ክፋት ነው እንዳልል በልቤ ክፋት አልነበረም። ስስት ነው። ሲርበው የኖረ ሰው አንዲት ጉርሻ ስትቀር ሳህኑን እያየ የሚያደርገው ነገር አለ አይደል፤ እጁ ከራሱ ይቀድመዋል። እንደዚያ ዓይነት። ግን እጄን ሳየው ነበር።

ሲያነሳኝ ደባሌ ደርሶ ከፎቶ አንሺው ጎን ቆሟል። ሹራቡን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል፤ ኮቱን ለመቀበል ተዘጋጅቶ። በርዶት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፏል። ካሜራው ቀጭ አለ። ፎቶ አንሺው ፊልሙን ሊጠመዝዝ ሲሞክር አልዞር አለው።

«አለቀ ወንድሜ። ነገ ከተማ ና።»

«ይሁን» አለ ደባሌ። ሌላ ምንም አላለም። ሹራቡን መልሶ አጠለቀ።

ፀሐይዋ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ነበረች። ስለዚህ ፎቶዬ ላይ፣ ከእግሬ ፊት ለፊት፣ እርጥቡ ሣር ላይ ሁለት ረጃጅም ጥላ ተኝቷል። አንደኛው ክርኖቹ ወደ ጎን ወጥተዋል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ነው። ሁለተኛው ቀጭን ነው። እጁን አጣጥፏል።

ማታ ሻንጣችንን ስንሸክፍ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «አንድ ብቻ መቅረቷን አላወቅሁም እኮ» አልኩት። እሱ ኦቶግራፌን፣ የመታሰቢያ ደብተሬን፣ እየሞላልኝ ነበር። ቀና አላለም። «የማትረሳው ቀን» ለሚለው ጥያቄ «ገና ነው» ብሎ ጽፏል። ከታች፣ ፊርማው ሥር፣ አስምሮበት «አደራህን እንዳትረሳ» ብሏል። ያን ጊዜ እንደዚያ ዓይነት ነገር ሁሉም ይጽፋል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እኔ ወደ አገሬ መንገድ ጀመርኩ።

ሒሳብ ሠራተኛው

የማትሪክ ውጤት መጣ። ያኔ እንደ ዛሬ በመቶኛ አይደለም፤ በኤ በቢ ሆኖ ከ4 ነጥብ ነው የሚሰላው። እኔ ኮሜርስ ኮሌጅ ደረሰኝ። እሱ እዚያው ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛው፣ ቲቲአይ ገብቶ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኖ አስተማሪ ሆነ። ፎቶዬን ያገኘሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወረቀቴን ልወስድ ትምህርት ቤት ስመለስ ነው። እናቴ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እሳቸው ሲሞቱ እኔ ቤት መጣ።

እንጀራዬ ሒሳብ ነው። 27 ዓመት ሙሉ የሰው ዕዳና ገቢ ሳስታርቅ ኖሬያለሁ። አምስት ሳንቲም ብትጎድል የትኛው ደረሰኝ ላይ እንደጠፋች ሳላገኝ ከቢሮ አልወጣም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያቺ ፎቶ እንደማይዘጋ ሒሳብ የምትከተለኝ። ለልጆቼ ታሪኩን እንደ ቀልድ ነው የነገርኳቸው። «ኮቱ የአጎቱ፣ ፎቶው የኔ፤ ፊልሙ አለቀበት ምስኪኑ!» እንስቃለን። «አንድ ናት የቀረችኝ» የሚለውን ግን ዘልዬው ነው የማልፈው። ለሚስቴም አልነገርኳትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ታዲያ የወጋሁት ሳልረሳ መቅረቴን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር መሰለኝ። ቢያንስ ያስታውሰኛል፣ ሕሊና አለኝ፣ ወዘተ። ከደባሌ ጋር በነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ለቅሶ ቤት ተገናኝተናል። ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን፣ ንፍሮ ዘግነን፣ «እንጠያየቅ» ተባብለን ተለያይተናል። ሁለቱንም ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለቅሶ ቤት የፎቶ ወሬ አይወራም ብዬ ተውኩት። ደግ ምክንያት አይጠፋም መቼም።

ስለዚህ «ኮቱን አወቅሁት» ሲለኝ፣ ደረሰኙ የመጣ ያህል ነው የተሰማኝ።

«እሱን ተወው»

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድሮ ሳናስበው የምንመላለስበት፣ ዛሬ መጀመሪያ ስልክ ደውለህ የምትጠይቅበት። ከተማው ውስጥ አውቶቡሶች ተደርድረው ተማሪ ያራግፋሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሁን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ልጆቹ ብርድ ልብስ በፌስታል አንጠልጥለው ይወርዳሉ። ፈተናው እንዲህ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014ቱ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። አንዷ ልጅ ብርድ ልብሷን ራሷ ላይ ተሸክማ እየሳቀች አለፈች። አላስጨነቃትም፣ ወይም ከጭንቀቱ አልፋለች።

መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሸብቷል። ጣቱ ላይ ጠመኔ አለ፤ ትምህርት ተዘግቶ ጠመኔ ከየት እንደመጣ እንጃ። ሻይና ዳቦ አዘዝን። ጨዋታ አላመቻቸሁም። ዋናውን ፎቶ ከፖስታው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

መነጽሩን አጠለቀ። ብዙ ቆየ።

«ይሄ ጥላ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ቀጭን ነበርኩ አይደል።»

«አንድ እንደቀረችው ሰምቼ ነበር» አልኩት። «አንተ ጫማህን ስትጠርግ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አውቄ ነው።»

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እሱንማ ያኔም አውቄዋለሁ» አለኝ። «ማታውን ሳልጠይቅህ አላወቅሁም አልከኝ እኮ። ሰው ያልጠየቁትን አላወቅሁም የሚለው ሲያውቅ ነው። 28 ዓመት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ መስኮት የሰበረውን የምይዘው በዚህ ነው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። 30 ዓመት የተሸከምኩት ነገር ለሱ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነበር። ቀለለኝ ልበል ወይስ ከፋኝ? እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ዕዳዬን ያህል አድርጎ ሊይዝልኝ ይገባ ነበር።

«እሱን ተወው» አለ። «ኪራዩን ግን ለምን አልላክህም?»

«የምን ኪራይ?»

መነጽሩን አወለቀ። እያላገጥኩ መስሎት ፊቴን መረመረ። ከዚያ አለማስታወሴን አመነ መሰለኝ፣ «የወጋ ቢረሳ…» ብሎ ጨረሰውም አልጨረሰውም።

የሰኔን ኪራይ። የኔ ድርሻ 7 ብር ከ50። «ከአገሬ በገበያተኛ እልካለሁ» ብዬው ነበር። እሱ የጣርማ በርን መኪና ለመያዝ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ እትዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። የራሱን ድርሻ ከፈለ። ለኔ ድርሻ ያቺን ለፎቶ ያጠራቀማትን ሦስት ብር ሰጠ። አልበቃም። በቀረው አራት ብር ከ50 ባናውን አስይዞ ሄደ።

«ባናውን?»

«ሌላ ምን ነበረኝ?»

ሞላሌ ሲደርስ መሽቶ፣ ዝናቡ ይዞት፣ የማያውቃቸው ሰዎች በረንዳ ላይ በሹራቡ አደረ። ይህን ሲነግረኝ እንደ ጀብዱ ነው። መስከረም ላይ ለቲቲአይ ሲመጣ ገንዘቡን ቆጥሮ እትዬ ዘንድ ሄደ። ባናው የጥጃ ቤት ውስጥ ተነጥፏል። «አነጠፍሽው ብዬ እንዴት ልቆጣት? አልመጣም ብላ ነው» አለ። ጥጃዋ ተኝታበት ስለነበር እስክትነሳ ጠብቆ፣ አይቶት፣ ትቶት ወጣ። እናቱ ባናውን ሲጠይቁት «ተሰረቅሁ» አላቸው። እስኪሞቱ አልነገራቸውም።

እኔ ያን መስከረም ከእትዬ በር መቶ ርምጃ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሜ፣ ፎቶዬን እያገላበጥኩ ኮቱ እንዴት እንደሚያምርብኝ ሳይ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ሞኝ ጥያቄ መሆኗን እያወቅሁ።

«ኦቶግራፍህ ላይ ጻፍኩልህ እኮ! አስምሬበት!»

አደራህን እንዳትረሳ። ያቺን ገጽ ስንት ጊዜ ገልጬ አንብቤያታለሁ። ለልጆቼም አንብቤላቸዋለሁ። «አያችሁ የድሮ ጓደኝነት» እያልኩ።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። የመጣው ስለ ኪራዩም ስለ ፎቶውም አልነበረም ለካ። አጎቱ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። በሽምግልናቸው የተነሱት እንጂ የፋብሪካ ዘመናቸው ፎቶ አንድ እንኳ አልተገኘም። ኮቱም አልቆ፣ ተቀዶ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስድስቱ ልጆች ግን ስለ ኮቱ ያወራሉ። ግሩፑ ላይ ሲያየው ደነገጠ፣ ግን በሰው ፊት «ስጠኝ» ማለት አሳፈረው። ፎቶዬን ጠረጴዛው ላይ አቃንቶ፣ ብርሃን ፈልጎ፣ ሦስት ጊዜ አነሳው። ፊቴን አላነሳውም። ከአንገቴ በታች ነው ያነሳው። ምስሉን በሁለት ጣቱ እያሰፋ የመካከለኛውን ቁልፍ አሳየኝ።

«ቡናማዋን አየሃት? አክስቴ ናት የተከለቻት።» እዚያው ላከላቸው። ሻዩን ሳንጨርስ ስልኩ ይጮኽ ጀመር።

ሒሳቡን ልከፍል ብል እጄን ያዘኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ታገልን፣ አስተናጋጇ እየሳቀችብን። በመጨረሻ እሱ ከፈለ። 7 ብር ከ50ዋን ባነሳበት «በባና ነው የምትከፍለኝ» ብሎ አሾፈብኝና ተሰነባበትን።

መኪናዬ እስኪሞላ ወደ ገበያው ወረድኩ። አንዲት የመንዝ ሴት ባና ደርድራ፣ ራሷም አንዱን ተከናንባ ተቀምጣለች። ጥቁሩን አንስቼ ዳሰስኩት። ይኮሰኩሳል። ትናንት በካፊያው ረጥቦ ስለነበር በግ በግ ይሸታል። ዋጋውን ስጠይቃት ቀና ብላ አየችኝ።

«ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?»